በጦር መሀል የተለቀመው ወይን

ተረት ተረት!

፦ የመሠረት!

አልሰማሁም፤ እራት አልበላችሁም እንዴ? ተረት ተረት!

፦ የመሠረት!

እሰይ። እንግዲህ ጠጋ በሉ። ያን በር ግፉት፣ ብርድ እየገባ ነው።

በድሮ ዘመን፣ ከባሕር ማዶ፣ ጣልያን በሚባል አገር፣ ኮረብታ ላይ የተሠራ አንድ ቀይ ግንብ ነበር። ከመካከላችሁ የጎንደርን ግንብ ያየ አለ? እንደዚያ ያለ ነው። ማማ አለው፣ ወፍራም አጥር አለው፣ የብረት በር አለው። ከግንቡ በታች ኮረብታው ሁሉ ወይን ነበር። ከላይ እስከ ታች፣ ልክ እንደ ሹሩባ፣ መስመር መስመሩን ይዞ የወረደ ወይን።

የግንቡ ጌታ ኡባልዶ ይባላል። ሆዱ ትልቅ፣ ሣቁ ትልቅ፣ አፉ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጥ ሰው ነበር። ክፉ አልነበረም። ብቻ የመጣለትን ይናገራል።

የወይኑ ቦታ አዛዥ ደግሞ ኦርሶላ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባታል፤ ልጅም አልወለደችም። ወይኑን ነው እንደ ልጅ ያሳደገችው። በረዶ ሲወርድ ታለቅሳለች፤ ፀሐይ ስትወጣ ትዘፍናለች። የአገሩ ሰው ሁሉ «እትዬ ኦርሶላ» ይላታል። ጌታው ራሱ ይፈራታል።

አንድ ቀን ጌታ ኡባልዶ ሰርግ ተጠራ። ከሸለቆው ማዶ ሌላ ግንብ ነበርና፣ የዚያ ግንብ ጌታ ላምበርቶ ሴት ልጁን ሲድር ነው። ላምበርቶ ከራሱ ወይን ያስጠመቀውን ጠጅ ለእንግዶቹ አስቀዳ። ሰዉም ቀመሰና «ግሩም ነው፣ ግሩም ነው» አለ። ኡባልዶ ግን አንዴ ጎንጨት አደረገና ፊቱን አጨማደደ።

፦ ወንድሜ ላምበርቶ፣ ሰላጣው የት አለ? ይህ እኮ ኮምጣጤ ነው! አለ።

አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ። አጃቢው ሣቀ። ቄሱ ሣቀ። ሙሽራዋም በእጇ አፏን ይዛ ሣቀች። ላምበርቶ ብቻ አልሣቀም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባል የለ? እንደዚያው ሆነ።

ከዚያም ላምበርቶ ጦር ሰበሰበ። ገበሬውን ከየማሳው ጠርቶ ጋሻና ጦር አስያዘው። ወይኑ ሊደርስ ሲል መጣና ቀዩን ግንብ ከበበ። ኡባልዶም በሩን ዘጋ። ሴቱ፣ ልጁ፣ ፍየሉ፣ ዶሮው ሁሉ እውስጥ ተፋፍጎ ተቀመጠ። ወይኑ ግን ውጭ ቀረ።

፦ ረሃብ ያወጣሃል! ይላል ላምበርቶ ከታች።

፦ ኮምጣጤህን እየጠጣህ ጠብቀኝ! ይላል ኡባልዶ ከላይ።

ኦርሶላ በየማለዳው አጥሩ ላይ ትወጣና ወይኗን ታያለች። ዘለላው ጠቆረ። ተርብ መጣበት። ወፍ መጣበት። አንድ ጧት ደግሞ ከተራሮቹ ጀርባ ደመና ብቅ አለ። የደረሰ ወይን ዝናብ ካገኘው ይበሰብሳል። የኮረብታው ሰው ደግሞ ከወይኑ በቀር ሌላ መተዳደሪያ የለውም። ከዚያም ወደ ጌታዋ ገባች።

፦ ጌታዬ፣ ወይኑ ደርሷል። ዝናብ ከቀደመን ብናሸንፍስ ከርሞ ምን እንበላለን? በሩን ያስከፍቱልኝ፣ ልውጣ።

፦ ውጭ ጦር አለ እኮ! አብደሻል?

፦ እኔ አይደለሁም ያበድኩት። ያበዱትስ አንዱ እዚህ ላይ ነው፣ አንዱ እዚያ ታች! አለችው።

በሩ ገርበብ አለ። ኦርሶላ ቅርጫቷንና ትንሽ ማጭዷን ይዛ ወጣች። ሰዉ ሁሉ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ያያታል። እሷ ግን ወደ ጦሩ ሰፈር አልሄደችም፤ እበሩ አጠገብ ካለው መስመር ገባችና ዘለላ መቁረጥ ጀመረች።

ቴባልዶ የሚባል ግዙፍ ወታደር ጦሩን አነጣጥሮ መጣ። ይህ ሰው እስከ ትናንት ድረስ ገበሬ ነበር።

፦ ቁሚ! ምን እያደረግሽ ነው?

፦ ወይን እየለቀምኩ።

፦ ጦርነት ነው እኮ!

፦ ወይኑ አልሰማም፣ አለችው። በል ያን ጦር አስቀምጥና ቅርጫቱን ያዝልኝ፣ ወገቤን ሊቆርጠኝ ነው።

ቴባልዶ ግራ ቀኙን አየ። ዘለላውን አየ። እጁን በላው። ከዚያም ጦሩን ከአጥሩ ላይ አስደገፈና ቅርጫቱን ያዘ።

ይህን ጊዜ ላምበርቶ በፈረስ እየጋለበ ደረሰ።

፦ ማን ፈቀደልሽ?

፦ ጌታዬ፣ ያን ደመና ይዩት። መዋጋቱን ተዋጉ፣ ማን ከለከላችሁ? ግን ወይኑ ይለቀም። ወይኑ ከበሰበሰ ግንቡን ቢይዙት ምን ያገኛሉ? ባዶ በርሜል!

ላምበርቶ አሰበ። «ግንቡን ስይዝ ወይኑም የኔ ነው» አለ በሆዱ።

፦ ይለቀም፣ አላት።

፦ እንግዲያው ወታደሮችዎንም ይስጡኝ፣ ሰው ያንሰኛል።

እንዲህ ሆነና በሩ ተከፈተ። የግንቡ ሰው ቅርጫት ይዞ እየፈራ ወረደ። በአንዱ መስመር ወታደር፣ በአንዱ መስመር ባላገር ገባ። መጀመሪያ በጎን ብቻ ይተያዩ ነበር። ኋላ አንዲት ልጃገረድ ጀመረች፦

«ና ቁረጥ፣ ና ሙላ፣
ዝናብ አለ ኋላ!»

ለካ ወታደሮቹም ዜማውን ያውቁታል! ተቀበሏት። ኮረብታው በዘፈን ሞላ። ሲለቅሙ ሰነበቱ፤ ሲለቅሙም ተዋወቁ። ዘለላው በትልልቅ የእንጨት ገንዳ ተከመረ፤ እግራቸውን ታጥበው ገቡና ይረግጡት ጀመር። ቴባልዶ ሲጨፍር አዳለጠውና በጀርባው ወደቀ። ከእግር እስከ ራሱ ቀልቶ ሲነሣ አንዲት አሮጊት፦

፦ ኧረ ሰው ቆሰለ! ብላ ጮኸች።

ሣቁን ምን ልንገራችሁ! የዚያ ጦርነት ቁስለኛ እሱ ብቻ ነው።

ኦርሶላ ከጭማቂው በኩባያ ቀድታ ሰጠችው። ጠጣ። ጠጣና ፊቱ ተለወጠ።

፦ ምነው? ጎመዘዘህ?

፦ አይ እትዬ፣ ማር ነው። ብቻ እኔም ከሸለቆው ማዶ ወይን አለኝ። ሚስቴ ብቻዋን ናት። ደመናው ደግሞ ወደዚያ እየሄደ ነው።

ይህ ነገር ከአፍ ወደ አፍ ዞረ። «እኔም አለኝ፣ እኔም አለኝ» ተባለ። ከዚያም አንዱ ውኃ ልቀዳ ብሎ ሄደ፤ አንዱ ፈረስ ልፈልግ ብሎ ሄደ። ኋላስ ማመካኘቱም ቀረና በግልጽ ሄዱ። ላምበርቶ ቢጮህ ማን ይስማው? ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ከድንኳኑና ከፈረሱ ጋር ብቻውን ቀረ።

ኡባልዶ ይህን ከማማው ላይ አየና ሰይፉን መዝዞ ወረደ።

፦ አሁን ነው! ብቻውን ነው! እይዘዋለሁ!

ኦርሶላ እግሯ በጭማቂ እንደቀላ በሩ ላይ ቆመች።

፦ አያልፉም።

፦ ዘወር በይ!

፦ ብቻውን የቀረው ሰዎቹ የኛን ወይን ለቅመው ስለሄዱ ነው። በነሱ እጅ ገንዳችን ሞልቶ፣ ጌታቸውን ብናስር፣ ነገ በምን ዓይናችን እናያቸዋለን? ደግሞስ ጥፋቱ የማን ነው? ሰው በልጁ ሰርግ ላይ ይሰደባል?

የኡባልዶ ሰይፍ ቀስ እያለ ወረደ።

፦ ግን እኮ ኦርሶላ... እውነትም ኮምጣጤ ነበር፣ አለ እንደ ሕፃን።

፦ በሰው ልጅ ሰርግ ላይ ኮምጣጤም ይጠጣል! አለችው።

ያ ትልቁ ሰው አንገቱን ደፋ። ሰይፉን እዚያው ጣለና ባዶ እጁን ኮረብታውን ወረደ። ላምበርቶ ሲመጣ አየውና ብድግ አለ።

፦ ልትስቅብኝ መጣህ?

፦ የለም። በሰው ፊት አዋርጄሃለሁ፤ በሰው ፊት ይቅር በለኝ! አለ ኡባልዶ፣ አጥሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ እስኪሰማው እየጮኸ።

ላምበርቶ ድምፁ ተሰበረ።

፦ ያንተ ስድብ አልነበረም ያመመኝ። ልጄ ሣቀች። በሰርጓ ቀን፣ ልጄ፣ በኔ ሣቀች።

ኡባልዶ እጁን ይዞ ድንጋይ ላይ አስቀመጠውና አጠገቡ ተቀመጠ። እንዲህ ተቀምጠው ሳሉ ከሸለቆው ማዶ ነጎድጓድ ተሰማ። ላምበርቶ ራሱን ያዘ።

፦ ወይኔ! ወይኔ!

ማዘኑ ይሁን ወይኑን መጥራቱ ማን ያውቃል። ኡባልዶ ግን ገባው። ዘሎ ተነሣና ወደ ግንቡ ዞሮ ተጣራ።

፦ ቅርጫት ያላችሁ፣ ኑ! ሸለቆውን እንሻገር!

ሰዉ ጎረፈ። ሴቱ፣ ወንዱ፣ ዱላ የያዘው ሽማግሌ ሳይቀር። ሲደርሱ ወታደሮቹ ከሚስቶቻቸው ጋር ይለቅማሉ። የላምበርቶ ልጅም የጌታ ልጅ ነኝ ሳትል ቀሚሷን ወገቧ ላይ አስራ ትለቅማለች። አባቷን ስታየው ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ኋላም ቅርጫት ሰጠችው።

ዝናቡ ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር የሚበዛው ወይን ገብቶ ነበር። ጥቂት መስመር ቀረ። በዚያች በመጨረሻዋ መስመር ኡባልዶና ላምበርቶ እንደ ዶሮ በስብሰው ጎን ለጎን ይቆርጣሉ።

፦ የኔ ቅርጫት ሞላ! ይላል አንዱ።

፦ ቅጠል ጨምረህበት ነው! ይላል ሌላው።

አብራ የተሻገረችው ኦርሶላ ከመስመሩ ራስ ሆና ሰማቻቸውና ወገቧን ይዛ ጮኸች።

፦ እናንተ ሁለታችሁ! ወሬ ይቀነስና እጅ ይፍጠን!

ሁለቱ ጌቶችም አፋቸውን ዘጉና ጎንበስ ብለው ቆረጡ።

ልጆቼ፣ ተረቴን እንደ ወይን ጠጡ፤ ዳቦዬን ደግሞ ቆርሳችሁ አምጡ!