በእናት መቃብር ላይ የተነገረ ቻይንኛ

በአንድ ወቅት፣ እግዜር ይመስገንና የገበሬ ልጅም ዩኒቨርሲቲ በሚገባበት ዘመን፣ የአቶ ደስዬ ሦስት ወንዶች ልጆች ቻይንኛ ይማሩ ነበር። ታናሹ ልንገረው በቋንቋው አንደኛ ደረጃ ላይ ነው፤ መካከለኛው ይመር ሁለተኛ ደረጃ ደርሷል፤ ታላቁ ዘውገ ደግሞ ሦስተኛውን ጨርሷል ተባለ። ያለው ራሱ ዘውገ ነው። እውነቱን እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ አንደኛውን ደረጃ ሲወድቅ ነው የከረመው።

ሟች እናታቸው ፈትላ ያሠራችው አንድ ጋቢ ነበረ። አባትየው «ቋንቋው ለቁም ነገር የበቃለት ልጅ ይለብሰዋል» ብለው አስቀምጠውታል።

ልጆቹ ለእረፍት በገቡ ሰሞን ቻይናዎች መንገድ ሊሠሩ መጡ። የእናትየው መቃብር የድንጋይ ክምር ብቻ ነውና መቃብር መሆኑን አላወቁም፤ ችካላቸውን በላዩ ተከሉ። አስተርጓሚያቸው የዚያን ቀን የለም። ዶዘሩ ሲነሳ አገሩ ሁሉ ወጣ።

«ዘውገ፣ አንተ ሊቁ ቅደም» አሉ አባቱ።

ዘውገ የቻይናዎቹ መሐንዲስ ፊት ቆመ። ሰላምታው እንኳ ጠፋበት።

«ምነው ሊቁ፣ ቻይናው ይነክሳል እንዴ?» አሉ ጎረቤታቸው እትዬ ድንቄ። ሰው ሳቀ። ዶዘሩ ግን ይመጣል።

ዘውገ ምድር ብትውጠው በወደደ። አሞኛል ብሎ ማምለጥ ይችል ነበር። ግን አባቱ ፊት ተንበረከከ።

«አባባ፣ ዋሽቼዎታለሁ። አንደኛውንም አላለፍኩም። በእኔ ጊዜ አያጥፉ፣ ይመርን ያስቀድሙ!»

ይመር እየተንተባተበ ለመሐንዲሱ አስረዳ፤ እዚህ የተኛችው እናታችን ናት፣ መንገዱ ትንሽ ፈቀቅ ቢል ምን ይጎድላል? መሐንዲሱ ካርታውን ዘረጋ።

የዶዘሩ ሹፌር ግን ይህን አላየም። ልንገረው ከሚያውቃቸው ጥቂት ቃላት አንዷን ይዞ ሮጠ፤ ክምሩ ላይ ተዘርግቶ በቻይንኛ «እናቴ! እናቴ!» እያለ ጮኸ። ዶዘሩ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ሹፌሩ ወርዶ ቆቡን አወለቀ። መሐንዲሱም ችካሉን ነቅሎ ሃያ እርምጃ ወዲያ ተከለው።

ቤት ሲገቡ አባትየው ጋቢውን አወጡ።

«ያስማማሁት እኔ ነኝ» አለ ይመር።

«አንተማ ስታወራ እማዬ ተቆፍራ ነበር!» አለ ልንገረው።

ዘውገ በሩ ጥግ አንገቱን ደፋ። ያን እውነት ባይናገር ይመርን ማን ይጠራው ነበር? ደግሞስ ባይዋሽ ይመር ከመጀመሪያው አይቀድምም ነበር? ይህን ራሱም ያስበዋል።

አባትየው «ጌታዬ፣ ልብን የምታይ አንተ ነህ» ብለው ጋቢውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ጋቢው ለማን ይገባል?