ከቦዩ ጫፍ

ረድኤት ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ይዛው የኖረችው አንድ ጥያቄ ነበራት፤ ለማንም አውጥታው አታውቅም። የምትሠራበት ማተሚያ ቤት ሠራተኞች የማኅበራቸው ጸሐፊ አድርገው ሲመርጧት ጥያቄው ባሰባት። የመተዳደሪያ ደንቡን ሦስት ወር ሙሉ ብቻዋን ጽፋዋለች፤ ነገ ለጉባኤ ቀርቦ ይጸድቃል። ረቂቁን ይዛ፣ ዕድሜያቸውን ማኅበር ሲያደራጁ ወደኖሩት ወደ ጋሽ አስናቀ ሄደች።

«ጋሼ» አለች መሬት መሬት እያየች፣ «የሚያውቅ ሰው ካለ፣ ቅንም ከሆነ፣ ለሁሉም ቢወስንላቸው ምን ክፋት አለው? ስብሰባ ላይ እኮ ግማሹ ያንቀላፋል፣ ግማሹ ይጨቃጨቃል።»

ጋሽ አስናቀ ረቂቁን አነበቡት። «ግሩም ነው፤ ነጠላ ሰረዙ እንኳ አልተሳተም» አሉና መነጽራቸውን አውልቀው አንድ ታሪክ ጀመሩ።

አንድ የውሃ አባት ነበረ። ከወንዝ በተጠለፈ ቦይ የሚያጠጡ ገበሬዎች ውሃውን እንዲያካፍላቸው መርጠውት ሃያ ዓመት አካፈላቸው። ጉቦ የማይበላ፣ ለወንድሙ የማያዳላ ሰው ነበረ። ለእያንዳንዱ ማሳ እኩል ሰዓት ይሰጣል፤ ሀብታሙም ድሃውም ተራው ሲያበቃ ይዘጋበታል። ሰው ሁሉ ይመርቀዋል። ስብሰባ የሚባል ነገርም ቀረ፤ እሱ እያለ ምን ሊባል!

አንድ በጋ ታሞ ተኛ። በዚያው ሳምንት ቦዩ ተደርምሶ ውሃው ወደ ገደል ይፈስ ጀመር። ገበሬዎቹ አካፋቸውን ተደግፈው ያያሉ። «እሱ ሲሻለው ያስተካክለዋል» ይባባላሉ። ሰውየው ይህን ሲሰማ በምርኩዝ እያዘገመ መጣና ቦዩ ዳር ተቀመጠ።

«ዛሬ እኔ አልወስንም» አለ። «እናንተ ንገሩኝ። ከቦዩ ጫፍ ያለው ይጀምር።»

«ሕመሙ ወደ ጭንቅላቱ ወጣ እንዴ?» ብለው ተሳሳቁ። እሱ ግን ከቦዩ ዳር ሳይነሣ ጠበቀ። ብዙ ቆይቶ፣ ማሳዋ ከሁሉ በታች የሆነ አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ እንደያዘች ተናገረች።

«የኔ ተራ ቀትር ላይ ነው። ውሃው እኔ ጋ ሳይደርስ የጋለው መሬት ይጠጣዋል። ጠዋት በብርዱ ቢለቀቅልኝ ግማሹ ሰዓት ይበቃኝ ነበር።»

«ሃያ ዓመት ለምን ዝም አልሽ?» አላት።

«ማን ጠየቀኝ? ሁሉም ሰው አንተን ‹ጻድቅ ነው› እያለህ እኔ አፌን ልክፈት?»

ሰውየው አንገቱን ደፋ። እሷን ሰምቶ ሌላውም አፉን ፈታ። ሲከራከሩ ዋሉ፤ ተራውን እንደገና ደለደሉ፤ ከዚያ ማንም ሳያዛቸው ወርደው ቦዩን ጠገኑት። ከዚያ ወዲህ ጭቅጭቁ በዛ፤ ቦዩ ሲደረመስ ግን ቆሞ የሚያይ ጠፋ።

ጋሽ አስናቀ ወደ ረድኤት ዞሩ።

«ልጄ፣ ያ ሰው አንቺ ነሽ። ቅን ነሽ፤ ታውቂያለሽ። ደንብሽ ግን እንደ ሰውየው እኩል ሰዓት ነው፤ ትክክል ይመስላል እንጂ ከቦዩ ጫፍ ያለችውን አልሰማም። እኛም በወጣትነታችን ስለ ሰፊው ሕዝብ ስንጽፍ ኖርን፤ ‹ውሃው ይደርስሃል ወይ?› ብለን አልጠየቅነውም። ያን ሰው ለሃያ ዓመት ፍርዱ አከብረዋለሁ። የማደንቀው ግን ቦዩ ዳር ተቀምጦ ስለጠበቀባት ስለዚያች አንድ ቀን ነው።»

ረድኤት ረቂቁን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ነገ እንዲጸድቅ አታቀርበውም። ጠዋት ጉባኤው እንዲራዘም ጠይቃ ጥራዝ ክፍል ትገባለች፤ ቀኑን ሙሉ መጽሐፍ ሲሰፉ ከሚውሉት ሴቶች መካከል ትቀመጥና ደንቡ ምን ቢል እንደሚሻላቸው ትጠይቃቸዋለች። ከዚያም ትጠብቃለች።