ከመሪው ስር የነበረችው ማብሪያ

አንድ ሰው ነበረ። አሮጌ ፒክአፕ ነበረችው። ሽንኩርት ይጭንባታል፣ እሁድ እሁድ ቤተሰቡን ይዞባት ቤተ ክርስቲያን ይመጣል። መኪናዋ ግን ዳገት ላይ ትፈላበት ጀመር። ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው የድሮው ፋን አልቆለታል፤ መለዋወጫውም ከገበያ ጠፍቷል።

ምን አደረገ? በኤሌክትሪክ የሚዞር ፋን ገዛ። እጁ ሥራ ያውቃል፤ ግቢው ውስጥ ተንበርክኮ ራሱ ገጠመው፣ ሽቦውንም ከባትሪው ስቦ አመጣ። መካኒክ ጎረቤቱ አጥሩ ላይ ተደግፎ ሲያየው ቆየና፣ "ሲሞቅ በራሱ የሚያስነሳውን መሣሪያ ግጠምለት እንጂ" አለው።

"ምን ያደርግልኛል? ዳገት ስጀምር እኔው አበራዋለሁ።"

ከመሪው ስር፣ ዓይን የማያርፍበት ቦታ፣ አንዲት ትንሽ ማብሪያ አስገባ። ባለቤቱ ብርቅነሽ አየችውና፣ "ለዘካርያስም አሳየው። አንድ ቀን አንተ ባትኖርስ?" አለችው። ዘካርያስ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ መንጃ ፈቃድ አለው።

"የት እሄዳለሁ?" ብሎ ሳቀ።

ወገኖቼ፣ እስከዚህ ድረስ ይህን ሰው ማን ይፈርድበታል? እኔ አልፈርድበትም። እንዲህ ያለ ቸልተኝነት በእኔም ቤት፣ በእናንተም ቤት አለ።

ብርቅነሽ ነፍሰ ጡር ነበረች። ቀኗ ገና ነው ብሎ ባልየው ለንግዱ በአውቶቡስ ሩቅ አገር ሄደ። በማግስቱ ጠዋት ምጡ መጣ። ጤና ጣቢያ ወሰዷት። "ደም እየፈሰሳት ነው፣ ቶሎ ሆስፒታል አድርሷት" ተባለ። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ወጥቷል። ዘካርያስ ፒክአፗን አስነሳ፤ እህቱንና እናታቸውን እማማ አስካለችን አሳፍሮ ወደ ሆስፒታሉ የሚያወጣውን ረጅም ዳገት ተያያዘው።

ዳገቱ መሀል ላይ ከኮፈኑ ስር እንፋሎት ተግተለተለ። ዘካርያስ ዘሎ ወርዶ ከፈተው። ፋኑ ቆሟል። ተበላሽቷል ብሎ አሰበ። ማብሪያ እንዳለው ማን ነገረው? ማንም አልነገረውም። ባልየው ጋ ደወለ፤ ስልኩ አይሠራም። ከጀሪካን ውሃ ጨመረ፣ ትንሽ ነዳ፣ እንደገና ፈላች። እህቱ ድምፅዋ እየደከመ ነው። "ልጄ፣ ፍጠን!" ትለዋለች እናቱ። ፈጠነ። ሞተሩ ቀጥ አለ።

ማብሪያዋ ከጉልበቱ አንድ ስንዝር ላይ ነበረች።

የሚያነሳቸው መኪና እስኪያገኙ መንገድ ዳር ቆዩ። ሆስፒታል ሲደርሱ ለብርቅነሽም ለሕፃኑም ረፍዶ ነበር።

ባልየው ለቅሶው ላይ ደረሰ። ገና ድንኳኑ ውስጥ ሲገባ ዘካርያስ እግሩ ላይ ወደቀ። "ጋሼ፣ እህቴን እኔ ነኝ የገደልኳት! ፋኑ አልዞር ሲል መቆም ነበረብኝ። አጣድፌ ሞተሩን አቃጠልኩት" እያለ መሬቱን በግንባሩ ይመታል።

ፋኑ አልዞር ሲል። ሰውየው ይህን ሲሰማ ሁሉም ነገር ገባው። አፉን ከፈተ፤ ሊናገር ነበር። ነገር ግን ድንኳኑ ሙሉ ሰው ያየዋል። አማቱ ታየዋለች።

ታዲያ ምን አለ? ዘካርያስን አነሳው፣ አቅፎ ሳመው። "ተው ወንድሜ። የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው። እኔ ይቅር ብዬሃለሁ" አለው።

ሰው ሁሉ ተላቀሰ። "እንዴት ያለ ልብ ነው የሰጠው!" ተባለለት። ሽማግሌዎች ተነስተው ግንባሩን ሳሙት። አያችሁ ወገኖቼ? ይቅርታ መለመን የነበረበት ሰው ይቅር ባይ ሆኖ ተመሰገነ! የሚስቱን ሬሳ በቀበረበት ቀን የወንድሟን ስም ከነሕይወቱ ቀበረው።

ሐዘኑ ሲረግብ እነግራቸዋለሁ አለ። አልነገራቸውም። ዓመቱ ሲሞላ አለ። ዓመቱም ሞላ። ዘካርያስ ዳግመኛ መሪ አልጨበጠም። የእናቱን ዓይን ማየት ስላቃተው ወደ ቆላ ወርዶ በሰው እርሻ ላይ የቀን ሠራተኛ ሆነ። እማማ አስካለች ልጇን አልረገመችውም። ስሙን ግን አታነሳም፤ ሰው ሲያነሳባትም ተነስታ ትወጣለች።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ታመመች። ይጠይቃት የነበረው፣ መድኃኒቷን የሚያመጣላት አማቿ ነበር። አንድ ቀን እጁን ያዘችው።

"ልጄ፣ አንተ ያን ቀን በሰው ፊት ይቅር ስትለው እኔ ግን አቃተኝ። ወልጄው ሳለ አቃተኝ። አሁን ግን ጌታ ረድቶኛል። ዘካርያስን ፈልገህ፣ እናትህ ይቅር ብላሃለች በለው። እሺ?"

ወገኖቼ፣ አሁንስ አይናገርም? ሌላ ምን ጊዜ ቀረው? "እማማ፣ እኔ ነኝ" ማለት ሦስት ቃል ነው።

"እሺ፣ እማማ" አላት። ያን ብቻ።

በዚያው ሳምንት አረፈች።

ሰውየው ቆላ ወርዶ ዘካርያስን ፈልጎ አገኘው። ማብሪያዋን ያላሳየው ልጅ ፀጉሩ ሸብቷል። ቦይ ዳር አጠገቡ ተቀመጠ፣ መርዶውን አረዳው። ከዚያ መልእክቱን ሊያደርስ ቢሞክር ምላሱ እምቢ አለው። ስለዚህ እውነቱን ተናገረ። ፋኑ ደህና እንደነበረ፣ ማብሪያዋ የት እንደነበረች፣ ድንኳኑ ውስጥ ለምን ዝም እንዳለ፣ ሁሉንም።

ዘካርያስ አልጮኸም። እጁንም አላነሳበትም። "እናቴ ይህን ታውቅ ነበር?" አለ።

"አታውቅም።"

"ታዲያ ምን ብላ ሞተች?"

"ይቅር ብዬዋለሁ ብላ።"

ዘካርያስ ቀና ብሎ አየው። "ለምኑ?" አለው። "ጋሼ፣ ለምኑ ነው ይቅር ያለችኝ?"

ይህን የነገረኝ ሰውየው ራሱ ነው። ለሕዝብ እንድናገረውም ፈቅዶልኛል። ለዚያ ጥያቄ መልስ እስካሁን አላገኘም፤ እኔም የምሰጠው አጣሁ።

እስቲ አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። በእናንተ ጥፋት አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ ሰው አለ? ትዳሩ በእናንተ ወሬ የፈረሰ፣ እናንተ ባጠፋችሁት ከሥራው የተባረረ፣ እናንተ ዝም ስላላችሁ ከቤቱ የወጣ? እናንተስ እየተመሰገናችሁ፣ እዚህ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣችኋል?

እግዚአብሔር ይቅር አይልም አላልኩም። ይላል። ይህን ሰውም ይቅር ብሎታል ብዬ አምናለሁ። አስካለች ግን አትመለስም። ልጇ ንጹሕ እንደሆነ ልታውቅ የሚገባት እናት ሳታውቅ ሄዳለች፤ ይህን የሚጠግን ንስሐ እኔ አላውቅም።

በእናንተ ጥፋት አንገቱን የደፋው ያ ሰው ዛሬ በሕይወት አለ? እናቱስ? ልጆቹስ? እንግዲያው የመዝጊያውን ጸሎት ይዤ እቆያችኋለሁ፤ ስትመለሱ አብረን እናደርሳለን። አሁን ተነሱና ሂዱ፣ ንገሯቸው።