የደጃዝማቹ ጅራታም ኮከብ

ደጃዝማች አጥናፌ በንጉሡ ፊት ተሹመው፣ ሦስት መቶ አጃቢ አስከትለው አገራቸው በገቡ ሰሞን ጅራታም ኮከብ ታየ። ደጃዝማቹ ደስ ብሏቸው «ኮከቡ የእኔ ነው፤ ለሹመቴ የወጣ ነው፤ የተጠራጠረ ይገረፋል!» ብለው አሳወጁ።

ምን ያደርጋል፣ ሁለት ወር ሳይሞላ ኮከቡ ደበዘዘ፤ ጅራቱም አጠረ። ገበያው መንሾካሾክ ሲጀምር ደጃዝማቹ በምላሷ የምትታወቅ አንዲት ሸክላ ሠሪ ችሎት አስጠሯት።

«አንቺ፣ ኮከቤ ደበዘዘ ብለሻል አሉ። አዎ ካልሽ ክብሬን ነክተሻልና ትገረፊያለሽ። አልደበዘዘም ካልሽም ይኸው አገር እያየው ዋሽተሻልና ትገረፊያለሽ። በይ ተናገሪ!»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አደግድጋ እጅ ነሳች።

«ጌታዬ፣ እኔ ሸክላ ፀሐይ ላይ የማሰጣ ሰው ነኝና ዓይኔ ከሰማይ አይነቀልም። ይህ ኮከብ ወደ ፀሐይ ሲጠጋ ይደምቃል፤ ጅራቱም ይረዝማል። ከፀሐይ ሲርቅ ይደበዝዛል፤ ጅራቱም ያጥራል።»

«ታዲያ ይህ ከእኔ ጋር ምን አገናኘው?»

«እኔም መጀመሪያ ምንም አያገናኘውም ብዬ ነበር፤ አጥፍቻለሁ። ከንጉሡ ዘንድ የመጡ ዕለት የአጃቢዎ መጨረሻ ወንዙን ሳይሻገር ፊተኛው እዚህ ደርሶ ነበር። ከንጉሡ ከራቁ ወዲህ ግን፣ ዛሬ ችሎት ሲገቡ ብቆጥር ከኋላዎ ያሉት አራት ናቸው። አሁን አዋጅዎን አምኛለሁ፤ ኮከቡ የእርስዎው ነው። የተጠራጠረ ይገረፍ!»