የተገላበጠው ምርቃት

አንድ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። የሚኖርበት ሰፈር የአይሁድ ሰፈር ስለሆነ ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ሰንበት ይገባል፤ ሥራ ይቆማል፣ እሳት የሚነካ የለም። ከዚያ በፊት ግን ሁሉም ሰው የሰንበት ዳቦውን የሚጠብቀው ከእሱ ነው። ሐሙስ ማታ ይጀምርና ሲያቦካ፣ ሲጎነጉን፣ ከምድጃ ሲያወጣ ያድራል። ዓርብ ጠዋት ደጁ ላይ ሰልፉ ይረዝማል፤ ጉዳይ ያለበት ሰው ልጁን ተራ አስይዞ ይሄዳል።

ጋጋሪው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሲገባ ጫማውን እንኳ በወጉ ሳያወልቅ ፍራሹ ላይ ይዘረራል። ሚስቱ የሰንበት ሻማ ስታበራ እሱ ያንኮራፋል። የሰውን ሁሉ ሰንበት አዘጋጅቶ የራሱን በእንቅልፍ የሚያሳልፍ ሰው ነበር። ሰነፍ እንዳይመስላችሁ፤ ደክሞት ነው። ድካም ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ይህን ታሪክ ባያነበው ይሻላል።

ይህ ሰው ዲና የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ ነበረችው። የምትውለው ሰፈሩ ውስጥ ባለው አፀደ ሕፃናት ነው። ዓርብ ዓርብ እጅጌዋ ላይ ሊጥ ደርቆበት፣ ጡጫዋን የምታህል የተጎነጎነች ዳቦ ይዛ ትመጣለች። በሌላው ቀን ደግሞ ምስጋና ነው፤ እጇን ስትታጠብ የምትለው አለ፣ ከመብላቷ በፊት የምትለው አለ፣ ቀስተ ደመና ስታይ እንኳ የምትለው አታጣም። የጎረቤት ልጅ ግን ሌላ ትምህርት ቤት ገብቶ እስከ መቶ ይቆጥራል፣ ስሙን ይጽፋል። ጎረቤትየው ይህንን ላገኘው ሁሉ ማውራት ስለሚወድ ጋጋሪው በሰማ ቁጥር ይበሽቃል።

አንድ ሐሙስ ወደ ሥራ ሊወጣ ሲል ለሚስቱ፣ "ነገ ሄጄ አስወጣታለሁ" አላት። "እኔ ሌሊቱን ሙሉ የማቦካው እሷ እንዳታቦካ ብዬ ነው። እዚያም የሚያስነኳት ሊጥ ነው። ለሊጥ ለሊጡማ እኔስ መቼ አነስኩ?"

ሚስቱ ሻሿን እያሰረች፣ "መጀመሪያ ገብተህ እያት፤ ከዚያ እንደፈለግህ አድርግ" አለችው።

በማግስቱ ጋጋሪው ዳቦውን ሸጦ ሲጨርስ፣ ዱቄቱን ከልብሱ ሳያራግፍ ወደ አፀደ ሕፃናቱ ሄደ። ልጆቹ ሰንበት እየተቀበሉ ነበር። እዚያ ዓርብ ዓርብ አንዲት ልጅ የሰንበት እናት፣ አንድ ልጅ ደግሞ የሰንበት አባት ይሆናሉ። ትንሿ ጠረጴዛ ነጭ ጨርቅ ትለብሳለች፤ ልጆቹ ያቦኳቸው ሁለት ዳቦዎች ይሸፈናሉ። እናቲቱ ሻሽ አድርጋ ያልበሩ ሻማዎች ፊት ትቆማለች። አባትየው ደግሞ እጁን በየልጁ ራስ ላይ እየጫነ ይመርቃል፤ ወንዶቹን እንደ ኤፍሬምና እንደ ምናሴ፣ ሴቶቹን እንደ ሣራ፣ እንደ ርብቃ፣ እንደ ራሔልና እንደ ልያ ያድርጋችሁ ይላል። አባቶች ዓርብ ማታ በየቤታቸው የሚያደርጉትን ማለት ነው።

ጋጋሪው በሩ ላይ ቆመ። ማንም ልብ አላለውም። የዕለቱ የሰንበት እናት ዲና ነበረች። የሰንበት አባት የሆነው አሞጽ የሚባል ልጅ ነው፤ የትልቅ ሰው ባርኔጣ አድርጎ ጆሮው ድረስ ወርዶበታል። አሞጽ ሊመርቅ እጁን ሲያነሣ ዲና እጅጌውን ያዘችው።

"ተኛ" አለችው።

"ለምን? እኔ አልደከመኝም።"

"የሰንበት አባት አይደለህ? የሰንበት አባት ይተኛል። ምንጣፉ ላይ ተኛ፣ ጫማህን እኔ አወልቅልሃለሁ።"

ልጆቹ ሳቁ። አሞጽ ግራ ገብቶት መምህርቷን አያት። መምህርቷም ጎንበስ ብላ፣ "ዲናዬ፣ የሚመርቀው እሱ ነው እኮ። አባት ነው ልጆቹን የሚመርቀው" አለቻት።

"ተኝቶ እንዴት ይመርቃል?" አለች ዲና። "አባ ሲተኛ እኔ ነኝ የምመርቀው። እጄን ራሱ ላይ አድርጌ እንደ ኤፍሬምና እንደ ምናሴ ያድርግህ እለዋለሁ። ቀስ ብዬ ነው፣ እንዳይነቃ።"

"ይህንን ማን አድርጊ አለሽ?"

"ማንም። ተራውን ይዤለት ነው። ሲነቃ እሰጠዋለሁ።"

አሞጽ ባርኔጣውን አውልቆ ምንጣፉ ላይ ተጋደመ፤ ልጆቹም አንድ በአንድ እየመጡ እጃቸውን ራሱ ላይ ጫኑ። በሹክሹክታ ነበር የሚመርቁት።

ጋጋሪው የበሩን መቃን ተደግፎ ቀረ። ዓርብ ዓርብ በእንቅልፍ ልቡ ራሱ ላይ ቀለል ያለ ነገር ያርፍበት ነበር። ዝንብ መስሎት በእጁ የመታበት ቀን ትዝ አለው።

መምህርቷ በመጨረሻ አየችውና ወደ እሱ መጣች። "እንኳን ደህና መጡ። ምን ልታዘዝ?"

ሊናገር የመጣውን ነገር ሊናገረው አልቻለም። "እዚህ ምን እንደሚማሩ ልጠይቅ ነበር" አለ።

መምህርቷም የሳምንቱ ድካም በተጫነው ድምፅ፣ "እኛ ያስተማርናት አባት ልጁን እንደሚመርቅ ነው" አለችው። "የቀረውን ከቤት ነው ያመጣችው።"

ጋጋሪው ልጁን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። ዛሬስ አልተኛም ብሎ ፊቱን በቀዝቃዛ ውኃ ታጠበ። ፍራሹን ሸሽቶ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሻማው ሳይበራ እንቅልፍ ወሰደው። ሌሊቱን ምድጃ ፊት የቆመ ሰው በአንድ ቀን ውሳኔ ሌላ ሰው አይሆንም።

ከዚያ ያቺ ቀላል ነገር ራሱ ላይ አረፈች። በዚህኛው ጊዜ ዐይኑን ገለጠ።

ዲና እጇን ሳታነሣ፣ "አባ፣ ተኛ። አልጨረስኩም" አለችው።

ዐይኑን ጨፍኖ እስክትጨርስ ጠበቃት። እንባው በጉንጩ ወረደ። ከዚያ፣ "ተራዬን ስጪኝ" አላት።

"ነቃህ?"

"ነቃሁ።"

ራሷን ዝቅ አደረገችለት። እርሾ እርሾ የሚሸት፣ እሳት የሰነጣጠቀው እጁን ጫነባት። አፉን ከፈተ፤ ቃሉ ግን አልመጣለትም። ለሴት ልጅ የሚባለውን ረስቶታል። ሚስቱ ከሻማው አጠገብ ሆና ታያለች።

ዲና አንገቷን እንደደፋች፣ "እንደ ሣራ በል" አለችው።

"እንደ ሣራ።"

"እንደ ርብቃ።"

"እንደ ርብቃ" አለ። እሷ እየመራችው እስከ መጨረሻው አደረሰው። ከዚያ ተመልሶ ተኛ። ምን ያድርግ፣ ደክሞታል። ዲናም ከአፀደ ሕፃናቱ አልወጣችም።

ወዳጆቼ፣ ልጆች ውለው የተማሩትን ይዘው የሚመጡት ወደ እኛ ነው። ሲመጡ ቦታችን ባዶ ሆኖ ካገኙት አይወቅሱንም። ዝም ብለው ይቆሙበታል፤ ለእኛ የተሰጠውን ሥራ በትንሽ እጃቸው ይሠሩልናል። ደክሞን በመተኛታችን የሚፈርድብን የለም፣ እኔም አልፈርድም። ነገር ግን ተራ የያዘልን ልጅ ዕድሜ ልኩን ሰልፍ ላይ አይቆምም። ያድጋል፣ ጉዳይ ይበዛበታል፣ እሱም በተራው ይደክመዋል። ያን ጊዜ ብንነቃም ተራውን የሚሰጠን አናገኝም።

ዛሬ ማታ ደክሞህ ስትገባ፣ ደክሞሽ ስትገቢ፣ እቤት ተራችሁን ይዞ የቆመላችሁ ማን ነው?