መሪውን የሚያዞርለት ያጣ ሹፌር

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው የጭነት መኪና መንዳት ነው። ዘነቡ፣ ትናንት «ሰው የውስጡን ችግር ብቻውን ቢያስተካክል አይሻልም ወይ? ለሌላ መንገር ምን ይጠቅማል?» ብለሽ ጠይቀሽኝ መልስ አልሰጠሁሽም። ዛሬ ስለዚህ ሰው ልንገርሽ።

ይህ ሹፌር ረዳት አልነበረውም። አንድ ጊዜ ነበረው፤ ወሬ ያበዛል ብሎ አሰናበተው። ከዚያ ወዲህ ብቻውን ይነዳል፣ ማታ መኪናው ውስጥ ይተኛል። መንገድ ዳር ምግብ ቤት ሲገባ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይበላል። ከጠዋት እስከ ማታ ከአፉ የወጣው ቃል «ሽሮ» ብቻ የሆነበት ቀን ብዙ ነው።

አንድ ቀን ድልድይ ሲሻገር፣ ድልድዩና አስፋልቱ የሚገናኙበት ስንጥቅ ላይ የፊት ጎማው ነጠረ። ወዲያው መሪው ግራና ቀኝ እየተወራጨ ከእጁ ሊያመልጥ ደረሰ። ክንዱን እስከ ትከሻው አንዘፈዘፈው፣ ጥርሱን አንገጫገጨው። የዚህ ዓይነት መኪና የፊት ጎማዎቹ በአንድ ወፍራም ብረት የተያያዙ ናቸው። አንዱ ሲርገበገብ ለሌላው ያቀብለዋል፣ ሌላውም መልሶ ይሰጠዋል፤ መኪናው ሊቆም እስኪደርስ አይተዉም። ሹፌሩ እንደምንም ዳር ይዞ ቆመ። ወርዶ የፊት ጎማዎቹን ዞሮ አየ።

ለማንም አልተናገረም። ሌሎቹ ሹፌሮች ከሰሙ «አረጀ፣ እጁ አልጸና አለ» ይሉኛል ብሎ ፈራ። የመኪናው ባለንብረት ይህን ከሰማ ደግሞ ቁልፉን ይቀበለዋል፤ ከመኪናው ሌላ ቤት የለውም። ስለዚህ ብቻውን ሊጠግነው ተነሳ። ጎማ ቀየረ። በክሪክ የፊቱን አንስቶ ከሥር ተኛና ቡሎኑን ሁሉ አጠበቀ፣ ዘንጉን ሁሉ በእጁ ነቀነቀ። የላላ ነገር አላገኘም። በመጨረሻ የመሪውን ንዝረት የሚይዘውን አሞርዛተር አውጥቶ አዲስ ገጠመ። መንቀጥቀጡ ቆመ። ደስ አለው፤ ደስታውን የሚነግረው ሰው ግን አልነበረም።

አዲሱ አሞርዛተር ንዝረቱን አፍኖ ያዘው እንጂ አላዳነውም። ቆይቶ ተመለሰ፤ ብሶበት ተመለሰ። ሰውየው ቀስ እያለ መንዳት ጀመረ። ወጣት ሹፌሮች እያለፉት በመስኮት «ጋሼ፣ ሙሽራ ነው የጫኑት?» ይሉታል። «እንቁላል ነው፣ ተዋቸው» ይላል ሌላው። እሱ ፊት ለፊቱን ብቻ ያያል።

በአንድ የገበያ ቀን ቁልቁለት ሲወርድ ጎማው ጉድጓድ ነካ። መኪናው እየተንዘፈዘፈ ወደ ዳር ሄደ። ድንች ተሸክማ ወደ ገበያ የምትወርድ አንዲት ሴት ዘላ ቦይ ውስጥ ገባች። መኪናው የቆመው እሷ በነበረችበት ቦታ ላይ ነው። ድንቹ ተበተነ። ሹፌሩ መውረድ አቃተው።

ሴትየዋ ከቦዩ ወጥታ በሩን በመዳፏ መታችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ጠጥተሃል?»

«አልጠጣሁም።»

«ታዲያ የሚንቀጠቀጠው እጅህ ነው መኪናው?»

በሩን ገፋ አድርጎ ከፈተ። ከዚያ «መኪናው ነው፤ አሁንስ እኔም ነኝ» አላት።

«ምን ሆኖ?»

«አላውቅም። የላላው ቦታ የሚታየው መኪናው በጎማው ቆሞ፣ ክብደቱን ተሸክሞ መሪው ሲዞር ነው። እኔ ከላይ ስሆን ከሥር አላይም። ከሥር ስገባ የሚያዞርልኝ የለም።»

«ከዚህ ሁሉ አገር አንድ ሰው አጣህ?»

«አልጠየቅኩም።»

«አሁን ጠይቀኛ። እጅ አለኝ።»

ይህ ሰው የሹፌሩን ወንበር ለማንም ለቅቆ አያውቅም። ደግሞም ሞተሩ ካልተነሳ መሪው አይዞርም። እሱ ሞተሩ በተነሳ መኪና ሥር ሲተኛ፣ ከላይ የምትቀመጠው አሁን በእሱ መኪና ልትሞት የነበረች፣ መሪ ጨብጣ የማታውቅ ሴት ናት። ወደ ታች አየ። ቁልቁለቱ ገና አላለቀም፣ ገበያተኛውም መንገዱን ሞልቶ ይወርዳል። የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ ጎማዎቹን ሁሉ በትልልቅ ድንጋይ ደገፈ፣ ወንበሩን ለቀቀላትና ከሥር ገባ።

«እግርሽን ከምንም እንዳታስነኪ» ብሎ ጮኸ።

«ወንበሩ ላይ አጣጥፌው ነው የተቀመጥኩት። አይዞህ።»

«እሺ፤ ትንሽ ወደ ግራ። አሁን ወደ ቀኝ።»

ያን ጊዜ አየው። ያንን ወፍራም ብረት አግድም ይዞ ከመኪናው ዋና አካል፣ ከሻንሲው ጋር የሚያስረው አንድ ዘንግ አለ። በክሪክ አንስቶ ሲነቀንቀው ንቅንቅ የማይለው የዘንጉ ቡሎን፣ አሁን መሪው በዞረ ቁጥር ቀዳዳው ውስጥ ይዘላል። ቀዳዳው ተበልቶ ሰፍቷል። ክፍተቱ የጥፍር ውፍረት ቢሆን ነው። ያ ሁሉ ፍርሃት ከዚያች የመጣ ነበር።

«አገኘኸው?» አለችው።

አግኝቶታል። ግን «እስኪ ወደ ግራ» አላት። አዞረች። «ወደ ቀኝ» አላት። አዞረች። ቃሉን ሰምቶ የሚመልስለት ሰው ካጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል። እዚያው አፈሩ ላይ በጀርባው ተኝቶ፣ ዘይት ደረቱ ላይ እየተንጠባጠበበት፣ አሁንም «ወደ ግራ» አላት።

«ሰውዬ፣ ድንቼን ልልቀም እንጂ» አለች በመጨረሻ።

ወጥቶ አብሯት ለቀመ። ቡሎኑን የሚችለውን ያህል አጥብቆ፣ እሷን ከነጆንያዋ ከጎኑ አስቀምጦ፣ በእግረኛ ፍጥነት ከተማ ድረስ ወረደ። ጋራዥ ውስጥ የሰፋው ቀዳዳ በብየዳ ተሞልቶ በልኩ ተበሳ፣ አዲስ ቡሎንም ገባለት። ከዚያ ወዲህ ጎማው ስንጥቅ ላይ ሲነጥር መሪው እጁ ላይ ዝም ይላል።

ዘነቡ፣ አንቺም እንደዚያ ሰውዬ ነሽ። ማታ ብቻሽን ተኝተሽ ራስሽን ትመረምሪያለሽ። ሸክሙ ከላይሽ በተነሳበት ሰዓት ሁሉም ነገር የጠበቀ ይመስልና «ምንም አልሆንኩም» ትያለሽ። ጠዋት ሰው ሲያናግርሽ ትስቂያለሽ፤ ሳቅሽ ያ አዲሱ አሞርዛተር ነው፣ ለጊዜው ይይዝልሻል። ብቻሽን መሞከርሽ ጥፋት አይደለም። ግን አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ከላይም ከሥርም መሆን አይችልም። እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ የላላውን ቦታ የምታይው አንቺው ነሽ። እኔ የምችለው፣ ስትነግሪኝ ቀስ እያልኩ፣ እየጠየቅኩሽ መሪውን ማዞር ነው። የዛሬ ሥራዬን ጨርሻለሁ፣ የምሄድበትም የለም። ከየት በኩል ልጀምርልሽ፤ ከቤት ነው ከትምህርት ቤት?