ለኀዘን ቤት የተላከው ቀይ ኤሊ

አንድ እናት ሁለት ሴቶች ልጆች ነበሯት። አገሯ ሩቅ ምሥራቅ ነው፤ ከቻይና በመርከብ የመጡ ሰዎች ከአገሬው ጋር ተጋብተውና ተዋልደው የቀሩባት አንዲት የወደብ ከተማ። ሙያዋ ኩዌ መሥራት ነበር። ኩዌ የዚያ አገር ሰው ከሩዝ ዱቄት፣ ከኮኮናትና ከስኳር በእጁ ሠርቶ በእንፋሎት የሚያበስለው ጣፋጭ ነው። ዓይነቱ ብዙ ነው፤ የዚህች ሴት ሱቅ የታወቀው ግን በኤሊ ቅርጽ በሚታተመው ቀይ ኩዌ ነበር። ኤሊ ረጅም ዕድሜ አለው አይደል? ስለዚህ ሕፃን ተወልዶ አንድ ወር ሲሞላው፣ ዕድሜው እንደ ኤሊ ይሁንለት ተብሎ ለዘመድና ለጎረቤት ይታደላል። ቀዩ የደስታ ነው። ኀዘን ቤት የሚሄደው ኤሊ ግን ቀለም አይነካውም፣ እንደ ነጣ ይላካል። ይህን በዚያ ከተማ የማያውቅ የለም።

እናትየዋ ከወንድሞቿ ጋር ተጣልታ፣ ሳይታረቁ ሞተውባት ነበር። ልጆቼም እንደ እኔ ይሆኑብኛል ብላ ስትፈራ ኖረች። ከፍርሃቷም የተነሣ አንድ ዘዴ ፈጠረች። ለታላቂቱ ለፖ ሊያን የኩዌውን ሽፋን ብቻ አስተማረቻት፤ የሚጣበቀውን ሩዝ ወቅጦ ከስኳር ድንች ጋር ማሸት፣ ከዚያም በእንጨቱ ቅርጽ ማተም። ለታናሺቱ ለስዊ ኪም ደግሞ ውስጡን ብቻ፤ የማሾውን ክክ ቀቅሎ፣ አልሞ፣ ከስኳር ጋር በእሳት ላይ እያገላበጡ ማድረቅ። አንዷ ስትማር ሌላዋን ከቤት ታስወጣ ነበር። በመጨረሻም አንዷ የሌላዋን ሙያ እንዳታይ፣ የራሷንም ለማንም እንዳታሳይ አስማለቻቸው። "ተለያይታችሁ እንጀራ መብላት እንዳትችሉ ብዬ ነው" አለቻቸው። ጎረቤቱ ሁሉ ብልህ እናት እያለ አመሰገናት። ብልህነት ከሆነ እንግዲህ ይሁን። እኔ ግን ልጆቿን በፍቅር ማሰር ሲገባት በችግር አሰረቻቸው እላለሁ።

እናታቸው ከሞተች በኋላ እኅትማማቾቹ ለብዙ ዘመን ተስማምተው ሠሩ። ታላቂቱ በሱቁ የፊት ክፍል ትወቅጣለች፣ ታናሺቱ በጓዳ ታማስላለች። ታናሺቱ ታላቋን በስሟ ጠርታት አታውቅም፤ "ታቺ" ነበር የምትላት፣ እኛ እትዬ እንደምንለው። ታላቋ ሳትበላ አትበላም፤ ታላቋ ስትቆጣት ደግሞ እየሳቀች ታሳልፋታለች። ኩዌያቸው ከጠዋት እስከ ማታ ቢቀመጥ ሽፋኑ አይደርቅ፣ ውስጡ አይጎመዝዝ። በከተማው የአንድ ወር ልጅ ያለው ሰው ሌላ ሱቅ አያይም ነበር።

አንድ ቀን ልጅ የወለዱ ሰዎች የወር ኩዌ አዘዙ። ኩዌው በሚወሰድበት ጠዋት ታናሺቱ ኮኮናት ልትገዛ ወጥታ ደንግጣ ተመለሰች። ታላቂቱ ሥራው ረፍዶባት በንዴት ሙቀጫው ላይ ጎንበስ ብላለች። ታናሺቱ ከኋላዋ ቆማ የዚያ ቤት ሕፃን ሌሊቱን መሞቱን፣ ስለዚህ ቀይ ቀለሙን እንድትተወው ነገረቻት። ታላቂቱ ዘወር ሳትል "እሺ፣ እሺ" አለች። ቃሉ በጆሮዋ ገባ፤ ልቧ ግን ሙቀጫው ላይ ነበርና አላስተዋለችውም። ታናሺቱ ነግሬያለሁ ብላ ወደ ጓዳዋ ገባች። ሊጡን ቀለም መንከርም፣ ኩዌውን በሙዝ ቅጠል ላይ ደርድሮ ማሸግም የታላቂቱ ሥራ ነበርና እጇ እንደለመደው ቀይ ነከረች፣ እጇ እንደለመደው አሸገች፣ ላከች።

አያድርስ ነው። ሳጥኑ የተከፈተው በሟቹ ሕፃን እናት ፊት ነበር።

ሁለቱ እኅትማማቾች ወሬው ሲደርሳቸው እየሮጡ ወደዚያ ቤት ሄዱ። የሕፃኑ አያት ደጃፉ ላይ ቆመው ጠበቋቸው። አልጮኹም፣ አልተሳደቡም። "በልጃችን ሞት እናንተ ቤት ደስታ ሆነ እንዴ?" ብለው ብቻ ጠየቁ። ኀዘንተኛው ሁሉ ዘወር ብሎ አያቸው። የፖ ሊያን ፊት በእፍረት ጋለ። ጠዋት የሰማችው ቃል ያን ጊዜ ነው ቁልጭ ብሎ የመጣላት፤ "ቀለሙን ተዪው" የሚለው። አፏን ከፍታ ጥፋቱ የእኔ ነው ልትል ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው።

"እሷ ሰምታ ሳለ አልነገረችኝም" አለች፣ ወደ እኅቷ እየጠቆመች።

ስዊ ኪም በሰው ፊት ታላቋን አላዋረደችም። አንገቷን ደፍታ የአያትየውን እግር ይዛ ይቅርታ ለመነች። ቤት ሲገቡ ግን "ታቺ፣ ነግሬሽ እሺ ብለሽኛል" አለቻት። ታላቂቱ "አልሰማሁም" አለች። ታናሺቱ ለመነች፣ አለቀሰች፣ በመጨረሻ ተቆጣች። ታላቂቱ ያው "አልሰማሁም" ነው። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባል የለ? ዋጠችው፤ ቆይቶም ማውጣት አቃታት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስዊ ኪም በከተማው "ለኀዘን ቤት ቀይ የላከችው" ተባለች። ልጅ የወለደ ሰው ከእጇ የወጣ ነገር ገደ ቢስ ነው ብሎ ሸሻት። ከሱቁም ወጥታ ከወንዙ ማዶ ልጇ ጋር ተጠግታ መኖር ጀመረች። ፖ ሊያን ሱቁን ብቻዋን ያዘችው። ማሾ መቀቀል ማን ያቅተዋል ትሉ ይሆናል። እሷም እንዲያ ብላ ነበር። ግን አንድ ቀን ይቀጥንባታል፣ አንድ ቀን ያርባታል፤ ደህና መጣ ያለችውም ቀን ከሰዓት በኋላ ይጎመዝዛል። ደንበኞች ቀምሰው ጥሩ ነው ይሏታል፤ በሳምንቱ አይመለሱም። ቀስ በቀስ ሰዉ ፋብሪካ አምርቶ በካርቶን የሚሸጠውን መግዛት ለመደ። የእንጨት ቅርጾቹ ግድግዳው ላይ አቧራ ጠጡ።

ሽማግሌዎች በመካከል መጡ። ታናሺቱ የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው አሏት፤ ካሣም አይደለም፣ የሱቅ ድርሻም አይደለም፤ "ነግራኛለች" ብላ ታላቋ በሰው ፊት እንድትናገር ብቻ። ፖ ሊያን ሽማግሌዎቹን ፍሬ ጋብዛ ሸኘቻቸው። እነሱ ከወጡ በኋላ ብቻዋን ተቀምጣ "ነግራኛለች" ብላ ትለማመደው ነበር። ብቻዋን ሲሆን ቃሉ ቀላል ነው። የሚቀጥለው በዓል ሲመጣ እነግራታለሁ ትላለች፤ በዓሉ ሲመጣ ደግሞ ዘንድሮ እሷ ትምጣ እንጂ ትላለች። አይ የሰው ልጅ! በገዛ እጁ የዘጋውን በር ሌላ ሰው መጥቶ እንዲያንኳኳለት ይጠብቃል።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። ፖ ሊያን አረጀች። ከዕለታት አንድ ቀን የልጇ ሚስት ወንድ ልጅ ወለደች። የልጅ ልጇ ወር ሊሞላው ሲል ምራቷ አጠገቧ ቁጭ ብላ፣ የፋብሪካውን ካርቶን ለዘመድ ማደል እንደምታፍር፣ የልጇ ኤሊ በአያቱ እጅ እንዲሠራለት እንደምትፈልግ ነገረቻት። ፖ ሊያን እሺ አለች። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። የእሷ እጅ የሚያውቀው ሽፋኑን ብቻ ነዋ!

እውነቱን እንነጋገር፤ በማግስቱ ወንዙን ያሻገራት ንስሐ ብቻ አልነበረም። የልጅ ልጇ ኤሊ ባዶ ሆዱን እንዳይቀር ፈርታ ነው። የሆነ ሆኖ ሄደች። መንገዱን ሁሉ ያን አንዲት ቃል በአፏ እያገላበጠች ሄደች፤ በዚህኛው ቀን ቆርጣ ነበር።

በሩን የከፈተችላት የእኅቷ ልጅ ነበረች። ባየቻት ጊዜ ደነገጠች፤ ግን አልመለሰቻትም። ስዊ ኪም መስኮት ሥር ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ቀጥናለች፣ ፀጉሯ ነጥቷል፣ ፊቷ ግን ያው የዋሁ ፊቷ ነው። ፖ ሊያን እንባዋ መጣ። ስዊ ኪምም ፈገግ ብላ ከወንበሯ ብድግ ለማለት ሞከረች።

"ይግቡ፣ ይግቡ፣ እዚህ አረፍ ይበሉ" አለቻት።

ፖ ሊያን ባለችበት ቀረች። በሕይወቷ እኅቷ "እርስዎ" ብላት አታውቅም። አንቱታውን ስትሰማ መጀመሪያ ቂም መሰላት፤ ቂም በሆነልኝ ብላ የተመኘችው ቆይታ ነው። የእኅቷ ልጅ ወደ ጎን ወስዳ በሹክሹክታ ነገረቻት። እናቷ አእምሮዋ ከተወሰደ ቆይቷል፤ ሰው አትለይም፣ የራሷን ልጅ እንኳ አንዳንዴ ጎረቤት ይመስላታል። ከዚያ በፊት፣ ልቧ ሳለ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር "ታቺ ናት?" ትል ነበር። ስለ ማሾው ደግሞ ልጇ ብዙ ጊዜ አስተምሪኝ ብላ ለምናታለች፤ እናቷ ግን ለእናቴ ምያለሁ፣ ያለ ታቺ ፈቃድ አላሳይም እያለች ቀረች።

ፖ ሊያን ይህን ሁሉ ሰምታ ወደ እኅቷ ተመለሰች። ከእግሯ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ታናሺቱ አንዲት የተከበረች አሮጊት ወለል ላይ በመቀመጧ ተሸማቀቀች፤ ታላቂቱ ግን እጇን ያዘችና ሁሉንም ነገረቻት። ስለ እናታቸው፣ ስለ ሙቀጫው፣ ስለዚያ ጠዋት። "አንዲት ሴት ታናሽ እኅቷ ነግራት ሳለ አልነገረችኝም አለች" ብላ ጀመረች፤ "እኔ" ማለት ያን ጊዜም አቃታት። በሰው ፊት ያዋረደቻትን፣ ስሟን ያጠፋችውን፣ ሽማግሌ የመለሰችውን፣ አንድም ሳታስቀር ተናገረች። ስዊ ኪም በጥሞና አዳመጠች። እንደ ሰው ታሪክ አዳመጠች፤ አዝና ራሷን ነቀነቀች።

"ምስኪን፣ ያች ታናሺቱ" አለች። "ታዲያ ታላቋ ይቅርታ ጠየቀቻት?"

"ዛሬ ጠየቀቻት" አለች ፖ ሊያን። "እኔ ነኝ። ነግረሽኛል፤ ሰምቼሽ ነበር።"

"እሰይ፣ ደግ አደረጉ" አለች ስዊ ኪም፣ ደስ ብሏት። ከዚያ የታሪኩን መጨረሻ ለመስማት ወደ ፊት ጠጋ አለች። "እኅትዎስ ምን አለችዎት?"

ፖ ሊያን ብዙ ቆይታ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ያን ጥያቄ ልትመልስላት የምትችለው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፣ እሷም ጠያቂዋ ራሷ ነበረች። የልጅ ልጇ ወር ሲሞላው ለዘመድ የታደለው የፋብሪካው ካርቶን ነው። ሱቁም ከዚያ ወዲያ አልተከፈተም፤ በዚያች ከተማ የዚያን ኤሊ ሽፋኑንም ውስጡንም የሚያውቅ ሰው ዛሬ የለም።

ወገኖቼ፣ ይህን ታሪክ ያካፈልኳችሁ ለማጽናናት አይደለም፤ የሚያጽናና ነገር የለውም። አባቶች "ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ" ያሉት ለከንቱ አይደለም። ይቅርታ ስንጠይቅ የምናስበው ቃሉ ከአፋችን እስኪወጣ ድረስ ያለውን ጭንቅ ነው፤ አድማጩ እስከዚያ ይቆየን አይቆየን ግን አናስብም። ሰው ቁጭ ብሎ ሳለ ሊሄድ ይችላል። ያን ጊዜ ጥፋታችንን ብንናዘዝም የሚምረን አይገኝም፤ እሱ ረስቶት እኛ ብቻችንን ይዘነው እንቀራለን። ወላጆችም ልብ በሉ፤ ልጆቻችሁን አንዱን የሌላው ጥገኛ ስላደረጋችኋቸው አንድ አይሆኑም፤ ጥፋቴ ነው ማለትን ብታስተምሯቸው ይሻላል።

አንተስ፣ አንቺስ፣ "ሰምቼህ ነበር" ልትሉት የሚገባ ሰው አለ? ካለ፣ ዛሬ ስትሄዱ በስማችሁ ይጠራችሁ ይሆን?